ቀላቢው

አማርኛችን «ቀለበ» የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ ያሠራዋል። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ መሬት ሳይነካ ሲያዝ «ቀለበው» እንላለን። ቤተሰቡን የሚያበላ ሰውም ቀላቢ ነው፤ «የአምስት ልጆች ቀላቢ እኮ ነው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ በበኩሌ የሁለቱ ትርጉሞች ዝምድና አሳስቦኝ አያውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ግን ሁለቱንም ሥራ በአንድ ምንቃሩ የሚሠራ ፍጥረት፣ ኮምቦልቻ ከምንኖርበት ግቢ መጥቶ ጎጆ ቀለሰ። የማወራችሁ ስለ እሱ ነው። ስለ እሱ ሳወራ ስለ ቤቴም ማውራቴ ስለማይቀር ከወዲሁ ታገሡኝ።

ወፉን ብዙዎቻችሁ ስሙን ሳታውቁት አይታችሁታል። የእንግሊዝኛ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የአፍሪካ የገነት ዝንብ ቀላቢ» ይሆናል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች በስፋት ይኖራል፤ በእኛም አገር ከሐዋሳና ከባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ዛፎች ጀምሮ እስከ አዲስ አበባ ግቢዎች ድረስ ይታያል። ጥላ የሚጥል ዛፍ ይወዳል፤ አጠገቡ ውሃ ካለማ ደስታው ነው። እኛ ሰፈር የሚመጡት ከቦርከና ወንዝ ዳር ዛፎች ይመስለኛል።

ወንዱ አንዴ ከታየ አይረሳም። ጭንቅላቱ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሰማያዊ ያብረቀርቃል። አናቱ ላይ ትንሽ ቁንጮ አለችው፤ ዓይኑን ሰማያዊ ቀለበት ከቦታል። ጀርባውና ጅራቱ ብዙ ቦታ የሸክላ ቀለም አላቸው፤ በአገራችን ግን ጀርባቸውም ጅራታቸውም ነጭ የሆነ ወንዶች አሉ። የእኛው ነጩ ነበር። ክብደቱ 14 ግራም ቢሆን ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። ከዚያች ትንሽ ሰውነት ኋላ ግን ሰውነቱን የሚያህሉ ሁለት ቀጫጭን የጅራት ላባዎች ይጎተታሉ። ሴቷ ጅራቷ አጭር ነው፤ ጀርባዋም የሸክላ ቀለም እንደያዘ ነው። እናቴ ወንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው «ይኼ ባለ ዘርፍ ከየት መጣ?» አለች። የነጠላ ዘርፍ ማለቷ ነው። ቤታችን ውስጥ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ።

ሳይንሱም ስም አውጥቶለታል። እኛ ጋ የሚኖረው ንዑስ ዝርያ «ፌሬቲ» ይባላል። ፌሬ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሮ ነበር፤ ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ገሪን ሜንቪል በ1843 ወፉን በዚህ ሰው ስም ሰየመው። ይቅርታ ይደረግልኝና እናቴ ያወጣችለት ይሻላል።

አደኑን ለማየት ትዕግሥት ያስፈልጋል እንጂ መነጽር አያስፈልግም። ጥላ ውስጥ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ጭንቅላቱ ብቻ ወዲህ ወዲያ ይላል። ከዚያ ድንገት ይወረወርና አየር ላይ ያለችውን ዝንብ ወይም የእሳት ራት ቀልቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቅርብ ከሆናችሁ ምንቃሩ ሲገጥም «ቀጭ» ሲል ትሰማላችሁ። ምንቃሩ ጠፍጣፋና ከሥሩ ሰፋ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ጺም የመሰሉ ጸጉሮች አሉት። ቢራቢሮ፣ ጥንዚዛ፣ ከመሬት የሚፈላ ምስጥ፣ ሸረሪትም ይበላል። እህል አይነካም። ስለዚህ ጓሮ ሩዝ ወይም ፍርፋሪ ብትበትኑለት ዞሮ አያያችሁም፤ እሱን ግቢያችሁ የሚያቆየው ዛፍና ነፍሳት ብቻ ነው። እንደ ሲሚንቶ ወለል ተጠርጎ፣ በየሳምንቱ መድኃኒት የሚረጭበት ግቢ ለእሱ ባዶ ገበያ ነው። የእኛ አከራይ እማማ ደግሞ ዕድሜ ይስጣቸውና ከውሃ ቧንቧው ሥር ያለውን እርጥብ ጥግ፣ የዘይቱኑን ዛፍና አሮጌውን የቡና ተክል እንደፈለጋቸው እንዲያድጉ ትተዋቸዋል።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት መጋቢት 10 ነው። እኔ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማርኬቲንግ ኦፊሰር ነኝ፤ ባለቤቴ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ያስተምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ይሰጣል። ከዚያ በፊት በነበረው ሕግ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ስለነበር ሠላሳ ቀን ቀላል ጭማሪ አይደለም። ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ሦስት! ባለቤቴ ሦስተኛው ቀን አልቆ ጠዋት ቦርሳውን ሲያነሳ እኔ ገና በወጉ መቀመጥ አልቻልኩም ነበር።

በእርግጥ እናቴ ነበረች። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ሐረጎን ጠመዝማዛውን ስትወርዱ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ነው የምትወርዱት። ለእናቴ ይህ ወደ በረሃ መሰደድ ነው። የጦሳን ጉም ለምዳ ያደገች ሴት በእኛ ሙቀት ጋቢዋን ጥላ፣ መቀነቷን ፈታ፣ «እንዴት ትኖሩበታላችሁ?» እያለች ገንፎ ስታገነፋ፣ የአጃ ሾርባ ስታፈላ፣ ሕፃኑን ስታጥብ ከሁለት ወር በላይ ቆየች። ደሴ ላይ አባቴ ብቻውን ነው፤ ስኳርም አለበት። ስለዚህ ግንቦት 20 ትመለሳለች ተብሎ ተወስኗል። እኔ ሥራ የምገባው ሰኔ 10 ነው። ከሰኔ 10 በኋላ ልጁን ማን ይይዘዋል? የሚለው ጥያቄ ከገንፎው እንፋሎት ጋር ቤቱን ሞልቶት ነበር።

መልስ የሚመስሉ ነገሮች ነበሩ። ሠራተኛ መቅጠር አንዱ ነው። የወሎን ነገር ለምታውቁ ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ልጅ ለመያዝ የደረሱት ልጃገረዶች ብዙዎቹ ሪያድና ጅዳ የሌላ ሰው ልጅ ይይዛሉ። ያገኘናትም አንዲት ልጅ ፓስፖርቷን እየጠበቀች እንደሆነ በግልጽ ነገረችን፤ ሐቀኝነቷን ወደድኩት። ሁለተኛው ሕፃኑን ደሴ እናቴ ጋ መላክ ነው። ጡት የሚጠባን ልጅ ሐረጎን አሻግሬ ቅዳሜና እሑድ ልጠይቀው? ሦስተኛው እኔ ሥራ መልቀቅ። ይህን ያነሱት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም በደግነት፣ ሁሉም «ለጊዜው» በሚል ቃል አለስልሰው።

አራተኛውን ማንም አላነሳውም። ባለቤቴ የቀን ክፍሎቹን ለባልደረባው ሰጥቶ የማታና የቅዳሜ ተማሪዎችን ብቻ ቢይዝ ቀኑን ቤት መዋል ይችላል። ገቢው ይቀንሳል፤ የእኔ ሲደመር ግን ቤቱ ይቆማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የእኔ ደመወዝ ከእሱ ይበልጣል። ብዙ አይደለም፤ ይበልጣል ግን። ይህን ዓረፍተ ነገር በአደባባይ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከመላኬ በፊት አስነብቤው ፈቅዷል። ቢዝነስ ለተማሩ ሁለት ሰዎች ሒሳቡ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ግን አምስት ሳምንት ሙሉ አልሠራነውም። እሱ «ሰው ምን ይላል?» ብሎ እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ እኔም እንደማስብ እሱ ያውቃል።

ጎጆው የተጀመረው በዚህ መሐል ነው።

ግንቦት 4 ወይም 5 ነው። የአራት ዓመት ልጄ ሚሚ «እማ፣ ወፏ የሸረሪት ቤት ሰረቀች» ብላ ጠራችኝ። እውነቷን ነበር። ሴቷ ከጣሪያው ጥግ ድሩን በምንቃሯ እየጎተተች ትወስዳለች። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ቀጫጭን ሥር፣ የልጥ ፍቅፋቂ፣ የደረቀ ሣር ያመጣሉ፤ በሸረሪት ድር እያሠሩ ከዘይቱኑ ቀጭን ቅርንጫፍ መንታ ላይ ይለጥፉታል። ሴቷ ውስጡ ገብታ በደረቷ እየተጫነች ታዞረዋለች፤ ሸክላ ሠሪ ማድጋ ስታለሳልስ አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ከውጪ በኩል ዛፍ ላይ የሚበቅለውን ግራጫ ሽበት እየቆረጡ ለጠፉበት፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን የማያውቅ ሰው የቅርንጫፉ እጢ ይመስለዋል። ስፋቱ የቡና ሲኒ ያህል ነው። እያጋነንኩ አይደለም፤ እማማ ሲኒ አንስተው ከሥሩ ቆመው ለክተውታል።

እማማ ቡና የሚያፈሉት ከዚያ ዛፍ ሥር ነው። ወፎቹ መሥራት ሲጀምሩ ረከቦታቸውን አንስተው ወደ በረንዳው ወሰዱ። ለሰፈር ልጆችም ወንጭፍ ይዞ የገባ ዳግም ግቢያቸውን እንደማይረግጥ ነገሩ። ከዚያ በረካውን ሲቀዱልን፣ ዱዓቸውን ጨርሰው፣ ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጅ ሪዝቁን ይዞ ነው የሚመጣ፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አሉኝ። እኔ ስለ ልጁ ሪዝቅ አልተጨነቅኩም፤ የጨነቀኝ ከሰኔ 10 ጀምሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ግን «አሚን» ብዬ ጠጣሁ።

እንቁላሎቹ ሦስት ነበሩ። ባለቤቴ ስልኩን እንጨት ላይ አስሮ ከላይ ፎቶ አንስቶ ነው ያወቅነው፤ ነጣ ያሉ ናቸው፣ ቀይ ነጠብጣብ አላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ እንዳያነሳ ከለከልኩት፤ ወፎች ጎጆአቸው ሲነካካባቸው ጥለው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። መታቀፉ ተጀመረ። በማግሥቱ ጠዋት እናቴ የሕፃኑን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ስትጮኽ ደንግጬ ሮጥኩ።

«ኧረ ጉድ! ነይ እዪ፣ ወንዱ ነው የታቀፈው!»

ባለ ዘርፍ ከዚያች ሲኒ ውስጥ ተቀምጧል። ሰውነቱ ራሱ በጭንቅ ነው የገባው፤ ያ ረጅም ነጭ ጅራት በአንድ በኩል ወደ ታች ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው፤ ለጠላት ምልክት እንደ መስቀል ነው። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ከፊቱ ያለውን ግድግዳ ያያል። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቆይቶ ሴቷ መጣች፤ ተነሳ፤ ገባች። በዚህ ዓይነት ሲቀያየሩ ዋሉ፤ ሌሊቱን ግን የምታድረው እሷ ነበረች። በዚህ ዝርያ ወንዱም ሴቷም ተፈራርቀው እንደሚታቀፉ፣ ጫጩቶቹንም አብረው እንደሚያበሉ ኋላ አንብቤ ተረዳሁ። ለሁለት ሳምንት ገደማ ይታቀፋሉ፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል ጎጆ ውስጥ ይቆያሉ።

እናቴ ጉዳዩን በቀላሉ አላለፈችውም። ለጎረቤት ነገረች፤ ደሴ ለአባቴ ደውላ ነገረች። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ «ና እስቲ አንተ ደግሞ፣ ወንድምህን እየው» ብላ እጁን ይዛ ወሰደችው። እሱም ሕፃኑን ከእኔ ተቀብሎ ታቅፎ፣ ከዛፉ ሥር ቆሞ ሽቅብ ያይ ጀመር። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። እናቴ አንዴ እሱን አንዴ ወፉን አየች፤ ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። «ታቀፈ» የሚለውም ቃል ሁለት ቦታ እንደሚሠራ ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ አንዳንዶቻችሁ ወፉን አርአያ አድርጌ ባሎቻችሁን ልገሥጽ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ከወፍ ሕግ የሚፈልግ ሰው የፈለገውን ሁሉ ያገኛል። በአገራችን ሣር ሜዳዎች ሌላ ጅራተ ረጅም ወፍ አለ፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ምንቃሩ ቀይ ነው። ወንዱ በሴቶቹ ፊት አየር ላይ ሲደንስ ይውላል። ሴቷ ደግሞ እንቁላሏን የሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ ልጆቹን የሚያሳድጉት ባዕዳን ናቸው። እናትም አባትም ቤት የላቸውም። ከሁለቱ የቱን እንከተል? ለእኛ ቤት ወፉ የሠራው ነገር ሌላ ነው፤ ስለ ራሳችን ማውራት ሲያቅተን ስለ እሱ እንድናወራ ምክንያት ሰጠን። «ዛሬ ስንት ሰዓት ታቀፈ?» ብሎ መጠየቅ «ከሰኔ 10 በኋላ ምን እናድርግ?» ብሎ ከመጠየቅ በጣም ይቀላል። አንድ ማታ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው ሳናውቀው ተሻገርን። ባለቤቴ የክፍል ፕሮግራሙን ከቦርሳው አውጥቶ በእርሳስ ይሰርዝ ጀመር።

እናቴ ግንቦት 20 ሄደች። መኪና ውስጥ ገብታ በመስኮት በኩል የመጨረሻ የነገረችኝ ስለ ሕፃኑ አልነበረም። «ሲፈለፈሉ ደውይልኝ» አለች።

ግንቦት 30 ተፈለፈሉ። ራቁታቸውን ናቸው፣ ዓይናቸው አልተገለጠም፤ አፋቸው ብቻ ነው ያለው ማለት ይቻላል። ቀለቡ አሁን ተጀመረ። እኔ መቼም የሥራዬ ጠባይ ሆኖ ነገር መቁጠር እወዳለሁ፤ አንድ ጠዋት ሕፃኑን እያጠባሁ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ቆጠርኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንዱ 9 ጊዜ፣ ሴቷ 10 ጊዜ ይዘው መጡ። ዝንብ፣ ትንኝ፣ አንዴ ክንፏ ከአፉ ውጪ የሚንፈራገጥ ቢራቢሮ። ኤክሴል ላይ አስገብቼ ለባለቤቴ ሳሳየው «ኦዲት ተደርጓል?» አለኝ። በማግሥቱ እሱ ራሱ ቆጠረ፤ የእሱ ቁጥር ለወንዱ አደላ። እስካሁን እንከራከራለን።

ሌላም ያየነው ነገር አለ። ጫጩቶቹ በልተው ሲጨርሱ ኩሳቸው ነጭ ስስ ከረጢት ውስጥ እንደ ተቋጠረ ይወጣል። ወላጆቹ አንስተው ርቀው ይጥሉታል፤ ጎጆው አይቆሽሽም፣ ሽታውም ጠላት አይጠራም። ወንዱም ያነሳል። ዳይፐር መቀየር ላይ ያለኝን አስተያየት እዚህ አላሰፋውም፤ ባለቤቴ ግን ያን ቀን «እሱ እንኳ ፓኬት ሆኖ ነው የሚሰጠው» ብሎ ቅሬታውን አሰምቷል።

ሰኔ 4 ማታ ከባድ ዝናብ መጣ። ከዝናቡም በረዶው። ቆርቆሮው ሲደበደብ ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ፤ ሚሚ አልጋችን ውስጥ ገባች። መስኮቱ ላይ የእጅ ባትሪ አብርቼ ባይ ቅርንጫፉ እስከ ታች ተጎንብሶ ይነሳል። ሴቷ ጎጆው ላይ ነበረች። ክንፎቿን ገርበብ አድርጋ እንደ ክዳን ተነጥፋበታለች፤ ሌላ ነገር አይታየኝም። ባትሪውን አጠፋሁ።

ጠዋት ሚሚ ቀድማን ወጥታ ኖሯል። አንዷ ጫጩት ከዛፉ ሥር ወድቃለች። ላባዋ ገና ጫፍ ጫፉን ብቅ እያለ ነበር። ሚሚ አላለቀሰችም፤ «አባቷ የት ነበር?» አለች። ባለቤቴ መልስ ሲፈልግ አየሁት። ከዚያ ቁጢጥ አለና «እዚያው አካባቢ ነበር፤ ግን ሌሊት ነበር፣ በረዶም ነበር» አላት። ከቧንቧው ሥር እርጥቡ አፈር ላይ በማንኪያ ቆፍረው ቀበሯት። እነሱ ሲቆፍሩ ባለ ዘርፍ ከራሳቸው በላይ ለቀሩት ሁለቱ ዝንብ ይዞ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። አፈሩ ሲቆፈር የበረሩትን ነፍሳት ሳይቀር ቀለባቸው።

በዚያው ሳምንት ቁራ መጣ። የእኛን ቁራ ታውቁታላችሁ፤ ምንቃሩ ድንጋይ ይሰብራል። ከቆጥ ሽቦው ላይ አርፎ ወደ ዘይቱኑ አንገቱን ሲያሰግግ ሁለቱም ወላጆች ተነሱበት። አሥራ አራት ግራም! እየጮኹ ጀርባው ላይ እየወረዱ፣ ወደ ጭንቅላቱ እየተወረወሩ እስከ ጎረቤት ጣሪያ አባረሩት። እማማ በረንዳቸው ላይ ቆመው በጭብጨባ ያግዙ ነበር።

ሰኔ 10 ሥራ ገባሁ። ስለዚያ ጠዋት ብዙ አልጽፍም፤ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያላለፋችሁበት ደግሞ አሁን ባትሰሙት ይሻላል። የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ፣ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፌ በር ላይ ለጥፌ ወጣሁ። ባለቤቴ ሕፃኑን በአንቀልባ አዝሎ እስከ ግቢው በር ሸኘኝ። የወንድ ጀርባ ላይ አንቀልባ መንደራችን ለማየት ገና አልተዘጋጀም ነበር፤ ባለ ሱቁ ልጅ ሚዛኑን ይዞ ቀረ። የባለቤቴ አባት እስከ ዛሬም አልተዋጠላቸውም፤ ሲመጡ የአንዲት ሠራተኛ ስልክ ቁጥር ይዘው ነው የሚመጡት፤ ተቀብለን እናስቀምጣለን። ጠዋት ጠዋት ግን ልጁን ከእሱ ተቀብለው ፀሐይ ሲያሞቁት አይቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 12፣ የዓመት መዝጊያ ዕቅድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የቴሌግራም መልእክት፤ አንድ ቃል ብቻ፦ «ወጡ»። ከሥሩ ሃያ ሴኮንድ የማይሞላ ቪዲዮ። ድምፁን አጥፍቼ ከጠረጴዛው በታች አየሁት። ከግማሽ በላዩ ቅጠል ነው፤ ከጥጉ የሕፃኑ እግር ካልሲ አውልቆ ይራገጣል። ከዚያ ካሜራው ይዞርና የቡናው ተክል ላይ፣ ጅራት የሌላቸው ሁለት ክብ ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዷ ክንፏን ዘርግታ ልትወድቅ ስትል ትመለሳለች። ያ ሁሉ ሳምንት ከመስኮቱ ሥር ቆጥሬ የጠበቅኩት ቅጽበት እኔ በሌለሁበት ሆነ። ስለ ሩብ ዓመቱ ሽያጭ ሲጠይቁኝ ቁጥሩን በትክክል መለስኩ። እረፍት ላይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ድምፁን ከፍቼ ደግሜ አየሁት። ባለቤቴ በሹክሹክታ ለልጁ ሲያስረዳው ይሰማል፦ «አየሃት? ይቺኛዋ ትንሿ ናት። ትችላለች፣ ቆይ አትቸኩል።»

ለእናቴም ልኬላት ነበር። ማታ ደውላ «ሁለት ብቻ ናቸው?» አለችኝ፤ ያለቀችውን አልነገርኳትም ነበርና ያን ጊዜ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና ሕፃኑ ስንት ጊዜ እንደጠባ ጠየቀች።

ከጎጆ መውጣት ለካ መለየት አይደለም። ጫጩቶቹ መብረር ከጀመሩም በኋላ ለብዙ ቀን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተከተሉ ሲጮኹ፣ ሁለቱም ወላጆች እያደኑ አፋቸው ውስጥ ሲጨምሩላቸው እናይ ነበር። ከሥራ ስመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻውን ግብዣ እደርስበታለሁ። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በረታ፤ እነሱም ወደ ወንዙ ሳይወርዱ አልቀሩም፣ ጠፉ።

ነሐሴ ላይ ወንዱ ብቻውን ሁለት ቀን ታየ። ያ ጅራት የለም፤ አንዱ ረጅም ላባ ብቻ ቀርቶታል። ሚሚ ሌላ ወፍ ነው ብላ ተከራከረችን፤ ላባ እንደሚቀይሩ ብንነግራትም አላመነችም። በሦስተኛው ቀን ከቡናው ሥር ያንን ነጭ ላባ አገኘችው። ከመዳፏ እስከ ክርኗ ይደርሳል። ለአባቷ ሰጠችው፤ እሱም የኮስት አካውንቲንግ መጽሐፉ ውስጥ ገጽ ምልክት አደረገው። የማታ ተማሪዎቹ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «የጎረቤት ነው» ብሏቸዋል።